ሁለቴ የማይጠየቅበት አገር

በዚህ አገር የመጀመሪያ ቀኖቼን ያሳለፍኩት በጨዋነት ስራብ ነው። የከለከለኝ የለም። ያየኝ ሁሉ ጠይቆኛል። ጥፋቱ አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። የተቀመጥኩበት ወንበር፣ "ምሳ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ደህና አማርኛ ነበረው፤ ትንሽ የዜና አንባቢ ቃና ቢኖርበትም።

"አይ፣ ይብቃኝ" አልኩት።

ታዲያ ምን ልበለው? ወረኢሉ ተወልዳ ያደገች፣ ለዚያውም በእናቴ እጅ ያደገች ሴት፣ ጥያቄው ገና ከጠያቂው አፍ ሳይወጣ "እሺ" ካለች ሆዳም ናት። በሥርዓቱ መጀመሪያ "አይ" ይባላል። ጋባዡ "ኧረ በሞቴ" ይላል። "እውነቴን ነው፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው" ይባላል። ጋባዡ መቆጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ፣ ለራስ ሳይሆን ለእሱ ሲባል፣ እየተሸነፉ ይበላል። የሰለጠነ ሕዝብ እንዲህ ነው የሚበላው። ወንበሩ ግን "መልካም" ብሎ የምግብ ጠረጴዛውን አጠፈው።

ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ዓሣውን አጥንት በአጥንት ሲበላ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ "እንብላ" አላለኝም። በእኛ አገር እኮ ሊገድልህ የሚፈልግ ሰው እንኳ ራት ላይ ከደረስክበት "እንብላ" ይልሃል፤ ግድያው ከራት በኋላ ይደርሳል።

የመጣሁባት ግሪንላንድ በድሮ ካርታ ላይ ነጭ ነበረች። አሁን ገብስ ይዘራባታል፣ ድንች ይቆፈርባታል፤ ሙቀት ከደቡብ ያፈናቀላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም እየተነቀሉ መጥተው በባሕሩ ዳር ተተክለዋል። እኔ የመጣሁት የበረዶ ጥናት ለመማር ነው። አዎ፣ በረዶው አልቋል። ሰው አንድን ነገር በደንብ የሚያጠናው ካለቀበት በኋላ ነው፤ ፍቅርንም ያየ ያውቀዋል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የወረኢሉው ትምህርት ቤት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ተዘግቶ የባትሪ መጋዘን ሆኗል። አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ አግኝቼ፣ ስንጥቁ የሚሸፍነውን ቃል እየገመትኩ ያነበብኩትን አነበብኩ። ከዚያም አይቼው የማላውቀው በረዶ እንዴት እንደተሰበረ የሚያሳይ ስሌት ሠርቼ ባሕር ማዶ ላክሁ። ጠሩኝ። ያስተማረኝ የለም፤ ስለዚህ የማመሰግነውም የለም።

አየር ማረፊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ጆሮ ጌጤ አነበበልኝ። ጆሮ ጌጥ እዚህ ሁሉም ሰው ያደርጋል፤ የሌላውን ቋንቋ ወደ ራስህ ይመልስልሃል። "እንኳን ደህና መጡ። እዚህ ማንም ሁለቴ አይጠይቅዎትም።" እኔ እንደ ማስፈራሪያ አልወሰድኩትም። እንዴት ያለ ዝምተኛ አገር ነው ብዬ አለፍኩ።

የአንድ ጊዜ አዋጅ ይሉታል። የአያቶቻቸው ትውልድ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ ኖሮ ነው የሞተው። ስልኩ፣ ማቀዝቀዣው፣ መኪናው፣ የቤቱ በር ሳይቀር፣ "ይፈልጋሉ? እርግጠኛ ነዎት? ነገ ላስታውስዎ? አሁንስ?" ይለው ነበር። አንድ ቀን በቃን አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰውም ይሁን ዕቃ አንድን ነገር ዳግመኛ መጠየቅ አይችልም። "አይ" ያለ ሰው አይ ብሏል። በየመንገዱ ጥግ ቀጭን ግራጫ ምሰሶ ቆሞ ያዳምጣል። የደገመው የአገሩ ሰው ከሆነ ይመከራል፤ እንግዳ ከሆነ ወደ አገሩ ይሸኛል።

ይኼን ሁሉ ሳላውቅ ማደሪያዬ ደረስኩ። ክፍሌ እንደገባሁ ግድግዳው ተቀበለኝ።

"ሙቀት ትፈልጊያለሽ?"

"አይ፣ እንዲሁ ደህና ነኝ።"

"ተጨማሪ ብርድ ልብስ?"

"ኧረ አታስቸግር።"

"የተማሪዎች ምግብ ቤት ላስመዝግብሽ?"

"ስለ እኔ አትጨነቅ።"

"ወደ ባሕሩ የሚያይ መስኮት?"

"ለሌላ ሰው ስጠው።"

ግድግዳው ሁሉንም "መልካም" እያለ ተቀበለ። መስኮቱም ዓይኑን ጨፈነ። ኮቴን ለብሼ ጋደም አልኩና ጠበቅሁ። ጋባዥ ትንሽ ያመነታል፣ ዞር ይላል፣ ይመለሳል፤ ልማድ ነው። ግድግዳው አልተመለሰም።

በማግስቱ ምግብ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ከፊቴ ያሉት እየገቡ በሩ ለእኔ ሲሆን ተዘጋ።

"ትርንጎ፣ ምግብ አልፈልግም ብለሻል" አለኝ በሩ።

"ለጨዋነት ነው ያልኩት።"

"ለጨዋነት የሚባል መልስ አላውቅም።"

"ሆዴ ሲጮህ አትሰማም?"

"እሰማለሁ። ግን ከሆድሽ ቃልሽ ይበልጣል። አንቺ ራስሽ ከጠየቅሽ እከፍታለሁ።"

እኔ በር ልለምን? አባቴ ሲሞት እንኳ ከዕድር ድንኳን ለመበደር ያፈርኩ ሰው ነኝ። ከኋላዬ ትሪ የያዙ ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር። መልሴን ዋጥኩ፤ ሌላ የሚዋጥ ነገር አልነበረም።

ቀትር ላይ እናቴ ደወለች።

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"ሲጋብዙሽ ቶሎ እሺ አትበይ እሺ? የሰው አገር ነው፣ ያዩሻል።"

"አላልኩም እማዬ።"

"ጎሽ።"

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰር ኢቫሉ አስጠራችኝ። በዓለም ላይ ስለ ሞቱ በረዶዎች ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የእሷን ጽሑፍ ነው በተሰነጠቀው ሰሌዳ ላይ ያነበብኩት፤ በረዶ ሊሰበር ሲል እንደ ሰው ያቃስታል ያለችው እሷ ናት። አጠር ያለች፣ ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት። በክፍሏ መደርደሪያ ላይ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ በረዶ ግግር ስም ተጽፏል። ውሃ ብቻ ነው የቀራቸው። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ይመስል ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"ስሌትሽን አንብቤዋለሁ" አለችኝ። "ሁለት ቦታ ተሳስተሻል። የተሳሳትሽበት መንገድ ግን ከሌሎቹ ትክክል ይበልጣል። ቤተ ሙከራዬ ውስጥ አንድ ወንበር አለኝ። ከእኔ ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ?"

ይኼን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። በሕልሜ ስንት ዓይነት መልስ መልሼበታለሁ። አፌ ግን የእናቴ ነው፤ ሳያማክረኝ ተከፈተ።

"ኧረ እኔ ምኑን አውቄው፤ ከእኔ የሚሻል አይጠፋም።"

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ፤ መብራት እንደሚጠፋ። "ገባኝ" አለች። "ስለመጣሽ አመሰግናለሁ።"

እንዳላለቀ ሁሉ ቆሜ ቀረሁ። ጠርሙሶቹን አነበብኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ፤ ጫማዬ ክር የለውም። ቀና ስል ሥራዋን እየሠራች ነበር። መውጫው በር፣ በዚያ በቀዝቃዛ ጨዋነቱ፣ ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ ወንበር የሌላት ተማሪ ወደ መጣችበት እንደምትመለስ ነገረኝ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ምንተስኖት ያገኘኝ ከምግብ ቤቱ በስተጀርባ፣ የወጥ ቤቱ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ሥር ነው። እያሸተትኩ አልነበረም። ቆሜ ነበር፤ ነፋሱ ነው ያመጣው።

"ሐበሻ ነሽ" አለኝ። ጠይም፣ ረዥም፣ ትከሻው ላይ የነጣ ሹራብ የጣለ ሰው ነው። "'አይ' ብለሽ ነው አይደል?"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ጭኮ አወጣ። "ነይ እስቲ ቅመሽው።"

"አይ፣ ይብቃኝ።"

"በሞቴ።"

"እውነቴን ነው፣ አሁን በልቼ ነው።"

"ውሸታም። ከዚህ ቀዳዳ ሥር ጠግቦ የቆመ ሰው አላየሁም። አፈር ስሆን፣ ያዢ።"

ወሰድኩ። "አፈር ስሆን" የሚለው ቃል ብቻውን እንደሚያጠግብ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እየበላሁ ዓይኔ ስላቀረረ ነፋሱን ረገምኩ።

"ስንተኛ ዓመት ነህ ጋሼ?" አልኩት፣ ወሬ ለመቀየር።

"ጋሼ አትበይኝ፤ አንደኛ ዓመት ነኝ።"

ጢሙ መሸበት ጀምሯል። "አንደኛ ዓመት?"

"ጨርሼ ነበር። ሊያስመርቁኝ ጠሩኝ። 'ለመመረቅ በቅቻለሁ ብለህ ታምናለህ?' ሲሉኝ 'ኧረ እኔ ገና ነኝ' አልኳቸዋ።"

"ከዚያስ?"

"ገና ነኝ።"

ሳቅሁበት። ከዚያ ወንበሩ ትዝ አለኝና ሳቄን አቆምኩ። የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"ቀላል ነው። ሂጂና 'ፈልጌ ነበር' በያት። አንዴ መጠየቅ ይፈቀዳል።"

"ሞቼ ነው ቆሜ?"

"ምን አለበት?"

"እሷ ትጠይቀኝ። እኔ ለምኜ አላውቅም።"

"እሷ ደግማ ከጠየቀችሽ ምሰሶ ይይዛታል።"

"ይያዛታ።"

"አንቺ ልጅ" አለኝ ምንተስኖት፣ ሹራቡን እያስተካከለ፣ "ለዩኒቨርሲቲ አትሆኚም። ለእኔ ሥራ ግን ተፈጥረሻል። ነይ ተከተይኝ።"

ሥራው የሚሠራው በማደሪያው ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ማሽኖቹ ባዶአቸውን ይሽከረከራሉ፤ ጩኸታቸው ከማንም ጆሮ ይጋርዳል። ደንበኛ ሲገባ ጆሮ ጌጡን አውልቆ በሩ ላይ ባለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያስቀምጣል። ረዥም ጠረጴዛ አለ፣ ገንፎ አለ፣ የደረቀ ዓሣ አለ። ደንበኛው ይቀመጣል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ "አይ" ይላል። ከዚያ ይለመናል።

ይኼው ነው። ለመለመን ነው የሚመጡት።

መጀመሪያ ምንተስኖት እየቀለደ መሰለኝ። የመጀመሪያዋን ደንበኛ ሳይ ግን ገባኝ። የወደብ ሐኪም ናት ተባልኩ። ገብታ ተቀመጠች፤ ገንፎው ሲቀርብላት በደንብ የተለማመደችውን "አይ" አለች፤ ከዚያም አንገቷን አቀርቅራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በሕይወቷ ማንም ተመልሶ ጠይቋት አያውቅም። እናቷ አንዴ ጠየቀቻት፣ ባሏ አንዴ ጠየቃት፤ "አይ" ባለችበት ሁሉ "አይ" ሆኖ ቀርቷል። ምንተስኖት "በሞቴ" ሲላት ጆሮዋ ቀላ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። "እንዲህ ነው የሚለመነው?" አልኩት። "ሬሳ የምታጽናና ነው የምትመስለው። ዞር በል።"

ምንተስኖት ልመና ብቻ ነው የሚያውቀው። ኩርፊያ የሚባል ነገር እንዳለ ረስቶታል፤ ሰው አገር ብዙ ተቀምጦ ምላሱ ዶልዱሟል። እኔ ጭልፋውን ወሰድኩና ተቆጣሁ። ማንኪያውን አስቀምጬ ፊቴን አዞርኩ። "ከእኔ እጅ አልበላም ነው የምትይው? ይሁን፣ አመድ አፋሽ ልሁን" ብዬ ከጠረጴዛው ራቅሁ። አንድ ቃል አልገባትም። ሁሉም ገባት። ተነሥታ መጥታ እጅጌዬን ያዘችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር። የወደብ ክሬን የሚነዳ ግዙፍ ሰውዬ ሳኮርፍበት እየሣቀ አለቀሰ፤ ገንፎውን ጨርሶ ሳህኑን ሳመው። አንዷን ደግሞ ከአዋጁ ተቆጣጣሪዎች መካከል ናት ብለውኛል። የማትጠግብ ነበረች።

"ብዙ ታገኛለህ ማለት ነው" አልኩት ምንተስኖትን፣ ሳህን እያጠብን።

"ምን አገኛለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ ገንዘብ ሲያወጣ 'ኧረ ምን በወጣኝ' አልኩት።"

"መልሶ ኪሱ ከተተው።"

"መልሶ ኪሱ ከተተው። ለጓደኞቹም ነገራቸው።"

እሁድ ምሳ ላይ ፕሮፌሰር ኢቫሉ ገባች።

ጆሮ ጌጧን እያወለቀች ነበር ያየችኝ። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። እሷ በዚህ ምድር ቤት መታየቷ ከሥራዋ ያስነሣታል። እኔም በዚህ ምድር ቤት መታየቴ ከነሻንጣዬ ያስወጣኛል። መጨረሻ ላይ ጆሮ ጌጧን ሳህኑ ውስጥ ጣለችና ጥግ ላይ ወዳለ ወንበር ሄደች፤ እግሯ ቦታውን ያውቀዋል።

"ታውቃታለህ?" አልኩት ምንተስኖትን በሹክሹክታ።

"የእሁድ ደንበኛዬ ናት። ከባድ ናት፤ አንዳንዴ ሳትበላ ነው የምትሄደው። ኩሩ ናት።" ትንሽ አሰበና፣ "እንዳንቺ" አለኝ።

ገንፎውን ይዤላት ሄድኩ። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ይንቦጫቦጫል።

"አይ" አለች፣ በአማርኛ። ምድር ቤቱ ያስተማራት ቃል ነው።

"ኧረ በሞቴ።"

"አይ።"

ለመንኩ። ተቆጣሁ። አኮረፍኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ቆጠርኩ። ማልኩ። የእናቴን ስም ጠራሁ። ክሬን ነጂው ማንኪያውን አስቀምጦ ያየን ጀመር። ምንም። ገንፎው ቀዘቀዘ፣ ላዩ ቆዳ ሠራ። ሴትዮዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርሙሶቿን የምታይ ይመስል ግድግዳውን ታያለች። ያኔ ድካም መጣብኝ፤ ጥበቤም አለቀብኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሌሊት ጀምራ ምንም ያልበላች ሴት መሆኗ ከከንፈሯ ያስታውቃል።

"ይብሉልኝ እንጂ" አልኩ ቀስ ብዬ። ይኼኛው ሥራ አልነበረም።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች። በእጄ አጎረስኳት።

ምንተስኖት ሳህን የሚያነሣ መስሎ መጣ። ጆሮ ጌጧ በሩ ላይ ስለነበር ፈገግ ብሎ እያያት በአማርኛ አወራኝ። "በይ እንግዲህ፣ እጅሽ ውስጥ ገብታለች። ነገ በጠዋት ቢሮዋ ሄደሽ 'የእሁዱ ገንፎ እንዴት ነበር?' በያት። ወንበሩን ተሸክማ ነው የምታመጣልሽ።"

ፕሮፌሰሯ ፈገግታውን በፈገግታ መለሰችለት።

"አጉርሼ ያበላሁትን ሰው አልከስም" አልኩት።

"ክሰሻት አላልኩም፤ አስታውሻት ነው።"

"አንተ ይኼን ያህል ዓመት አንደኛ ዓመት የቀረኸው ለካ በጨዋነት አይደለም።"

"አንቺስ? አልለምንም፣ አላስፈራራም። ምን ልትሆኚ ነው? ነገ ማታ አውሮፕላኑ ላይ ተቀምጠሽ ወንበሩን 'አይ፣ ይብቃኝ' ልትይው ነው?"

ወደ ሳህኑ አቀረቀርኩ። ቀና ስል ፕሮፌሰር ኢቫሉ ጆሮ ጌጧን አንሥታ ደረጃውን ወጥታለች።

ምን እንዳስሮጠኝ አላውቅም። ሽርጤን ሳልፈታ፣ እጄ በቅቤ እንደራሰ ተከተልኳት። ውጭ ፀሐይ ነበር። መርከቦቹ ከወደቡ ወዲያ ቆመዋል፤ መንገዱ ጥግ ላይ ግራጫው ምሰሶ፣ ነጭ መብራቱን እንዳበራ። ፕሮፌሰሯ እግሬን ሰምታ ዞረች።

"ያን ዕለት የጠየቅሁሽን..." ብላ ጀመረች። ምሰሶውን አየችና አፏን ዘጋች። ትንሽ ቆይታ ሌላ ቦታ እያየች ተናገረች፤ ጆሮ ጌጤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ። "እናንተ ጋ ምድር ቤት ውስጥ 'አይ' ማለት ቀልድ ነው። እዚህ ላይ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ስለምንጠይቅ፣ ሳንጠይቅ በፊት ብዙ እናስባለን። አንቺን ለመጠየቅ ክረምቱን ሙሉ አስቤያለሁ።"

እንዲህ ነው ለካ። እኔ ደጋግመው ስላልጠየቁኝ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ክረምቱን ሙሉ ስትለምነኝ ከርማ፣ እኔ በአንድ ቃል ከደጄ አባረርኳት።

ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ያን ቃል ለራሴ ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለእግዜር እንኳ በተዘዋዋሪ ነው የነገርኩት። አንደበቴ ላይ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ነው የተሰማኝ።

"እፈልጋለሁ" አልኩ። "ወንበሩን። ያን ቀንም እፈልግ ነበር። አሁን ይስጡኝ።"

ምሰሶው ነጭ ነበር። አንደኛዬ ነው፤ ይፈቀዳል።

ፕሮፌሰር ኢቫሉ ለረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፣ ጌጡን አወለቀች፣ መዳፏ ላይ ጨበጠችው። ጆሮዋ ባዶ ሆነ።

"አይ" አለች። በአማርኛ።

በዚህ አገር "አይ" ተብሎ የተመለሰ ነገር የለም። ግን ሴትዮዋ አልሄደችም። እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ አንገቷን ትንሽ አቀርቅራ ቆማለች፤ እንደዚያ ሆኖ ልመና መጠበቅን ሁለት ቀን ሙሉ ሳየው ነው የዋልኩት። ጭንቅላቴ ከልቤ ቀድሞ ተረዳው። ምድር ቤት ተቀምጣ አይደለም ያደረገችው፤ በአደባባይ፣ ምሰሶ ሥር ነው። ደግሜ ከጠየቅሁ ነገ የምሄድበትን ምክንያት በራሴ እጅ ሠራሁ ማለት ነው። ካልጠየቅሁም ነገ እሄዳለሁ።

"ኧረ በሞቴ" አልኩ።

ምሰሶው ወደ ቢጫ ተለወጠ። ሁሉንም ቋንቋ ያውቃል።

"አይ" አለች፤ የከንፈሯ ጫፍ ግን ተንቀሳቀሰ።

ከጀመርኩ አላቆምም። "አፈር ስሆን። በእናቴ ሞት። ፕሮፌሰር፣ እኔ ለማንም እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ እርስዎን አጥቼ ልመለስ ነው? በያዙት ውሃ ይዤዎታለሁ፤ በሞቱት በረዶዎች ሁሉ ይሁንብዎ፤ ይስጡኝ እንጂ።" ሁለት መንገደኞች ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ኩራቴ እዚያ መንገዱ ላይ እንደ ሽርጤ ተዝረክርኮ ነበር፤ የሚገርመው አልከበደኝም።

"እሺ" አለች።

ይኼኛውንም ቃል ምድር ቤት ነው የተማረችው። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትለው ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

የምሰሶው ድምፅ ረጋ ያለ፣ የሚያሳዝን ዓይነት ነው። "ትርንጎ፣ አንድን ነገር ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ታምኛለሽ?"

የዚህ አገር ሰው እዚህ ላይ ያምናል። አምኖ፣ ተመክሮ፣ አመስግኖ ይሄዳል። በአደባባይ ከልቡ ያልሆነ "አይ" ብሎ ስለማያውቅ፣ ምሰሶውም ምስክር ፈልጎ አያውቅም፤ የሚጽፈው ሰውዬው ራሱ ያለውን ብቻ ነው። መንገደኞቹ እንዳምን እየጠበቁ ያዩኛል።

"አይ" አልኩ። "ኧረ እኔ የለሁበትም።"

ሽማግሌው መስኮቱ ላይ ሳል ያዘው። የምሰሶው መብራት ወደ ፕሮፌሰሯ ዞረ።

"ፕሮፌሰር ኢቫሉ፣ ደጋግመው ተጠይቀዋል?"

እሷ ጌጧን ጨብጣ ቆማለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ የሆነውን "ሆነ"፣ ያልሆነውን "አልሆነም" ስትል የኖረች ሴት ናት። አንገቷ ከሥር ጀምሮ እየቀላ ሄደ፤ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ በርበሬ መሰለ። አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ምሰሶውን።

"አይ" አለች።

ምሰሶው ቢጫ እንደሆነ ቆየ። ዳግመኛ መጠየቅ በጣም እንዳማረው ያስታውቅበት ነበር። ግን ሕግ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ነጭ ተመለሰ።